ቦታቸው ጠፋብኝ

በሕይወቴ ከጻፍኳቸው ነገሮች ሁሉ ሰው አንብቦ ያለ ጥያቄ የተቀበለኝ አንድ ወረቀት ብቻ ነው፤ እሱም ስድስት መስመር ነበር። የውኃ መሥሪያ ቤታችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ሠራተኛው «ኢንጂነሩ» ይለኛል። ኢንጂነር አይደለሁም፤ ግን አንድም ቀን አርሜያቸው አላውቅም።

ወረቀቱ ስለ እትዬ ነበር። እትዬ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ከመሬት በታች የተቀበሩት ቧንቧዎች ሥዕል በሙሉ በእሳቸው እጅ ነው የነበረው። የሆነ ቦታ ቧንቧ ሲፈነዳ የጥገናው ፎርማን ይደውልላቸዋል፤ «እትዬ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ነው» ይላል። እሳቸው ሥዕሉን ከኮምፒውተራቸው ያወጡና የውኃው መዝጊያ የት እንደተቀበረ ይነግሩታል። ይህ ሁሉ የሚያልቀው ፎርማኑ ስልኩን ሳይዘጋ ነበር።

ባለፈው ዓመት አዲሱን ሲስተም አስገባሁ። አዲስ ነገር ሳይ ልክ የለኝም። ኮምፒውተሮቹን ሁሉ በሦስት ቀን ቀየርኩ፤ ፋይሉን በሙሉ ወደ አንድ ማዕከል ሰበሰብኩ፤ ከዚያ «ዴስክቶፕ ላይ ምንም ነገር ማስቀመጥ ክልክል ነው» የሚል ደንብ አውጥቼ በየበሩ ለጠፍኩ። የተዝረከረከ ስክሪን አይቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም፤ የእትዬ ደግሞ ከሁሉም የባሰ ነበር። ሁለት መቶ ያህል ፎልደር፣ ስማቸው ቁጥር ብቻ፣ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ ተበትኗል፤ መሐሉ ላይ ደግሞ አንድ ጠማማ ባዶ ቦታ። ሁሉንም ጠርጌ በቁጥር ቅደም ተከተል ደረደርኩና «ይኸው እትዬ፣ ቤትዎን አጸዳሁልዎት» አልኳቸው። ምስጋና ጠብቄ ነበር።

በማግስቱ ቢሮዬ መጡ። አልገቡም፤ በሩ ላይ ቆመው፣ መነጽራቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ «ልጄ፣ ቦታቸው ጠፋብኝ» አሉኝ።

«የምን ቦታ እትዬ? ኮምፒውተር ውስጥ ቦታ የሚባል ነገር የለም። የሚፈልጉትን ቁጥር መፈለጊያው ላይ ይጻፉ፤ ራሱ ይመጣልዎታል።»

«ቁጥሩን ባውቀውማ» ብለው ትንሽ ቆሙ። እኔ ስልኬን ማየት ጀመርኩ። ሄዱ።

በዚያኑ ዕለት ሻይ ቤት ወሬ አደረግኩት። አንገቴን ሰበር አድርጌ፣ ድምፄን አቅጥኜ፣ «ልጄ፣ ቦታቸው ጠፋብኝ» ስል ጠረጴዛውን የከበበው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ሰው ሲስቅልኝ ደስ ይለኛል፤ ስለዚህ በማግስቱም ደገምኩት። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ የእትዬ ስም «ቦታቸው» ሆኖ አረፈው። «ቦታቸው ገብታለች?» «እስቲ ቦታቸውን ጠይቃት።» ከኋላቸው ነው እንጂ ፊት ለፊት የሚደፍር አልነበረም። ፊት ለፊትማ ሁላችንም ተነስተን ነበር ወንበር የምንለቅላቸው።

ሥራቸው ግን እየዘገየ ሄደ። ያንን ሁሉ ቁጥር ከላይ እስከ ታች ማንበብ ነበረባቸው። ፎርማኑ ስልኩን ይዞ አምስት ደቂቃ፣ አሥር ደቂቃ መጠበቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ትልቁ ቧንቧ ፈነዳ። እትዬ ሥዕሉን እስኪያገኙ አርባ ደቂቃ ሄደ፤ እዚያ አጠገብ ያለ አንድ ልብስ ሰፊ ሱቁ ውስጥ ውኃ ገብቶ ጨርቁ ሁሉ ተንሳፈፈ። ሥራ አስኪያጁ አስጠራኝና ባጭሩ ጠየቀኝ፦ «ማሽኑ ነው ወይስ ሴትዮዋ?»

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። በዚያች ደቂቃ «ቦታቸው ጠፋብኝ» የሚለው ቃል ትዝ ብሎኛል። ሳቁ ሳይሆን ቃሉ። ሴትዮዋ አንድ ነገር ሊነግሩኝ ፈልገው ይሆን እንዴ የሚል ሐሳብ ሽው አለብኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሲስተሙን ያስገባሁት እኔ መሆኔ ትዝ አለኝ። ሐሳቡን ገፋ አድርጌ ተቀምጬ ጻፍኩ። «ሲስተሙ እንከን የለበትም። መዘግየቱ የተከሰተው በተጠቃሚዋ የማስታወስ ችሎታ መዳከም ምክንያት ነው።» የቀረው አራት መስመር ይህንኑ የሚያሳምር ነበር። ፈረምኩ፤ ማኅተም ተመታበት። በሳምንቱ እትዬን ወደ ፖስታ መቀበያው አዛወሯቸው። ጊዜያቸው ሳይደርስ በጡረታ ይውጡ አይውጡ የሚለውን የሚወስን ኮሚቴም ተቋቋመ። ፖስታ መቀበያው ምድር ቤት መግቢያው ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ በኋላ በር መግባት ለመድኩ፤ ለምን ብሎ የጠየቀኝ የለም፣ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም።

ከሁለት ወር በኋላ ሥራ አስኪያጁ መጋዘን ውስጥ የተጣሉ ሁለት አሮጌ ኮምፒውተሮች አሳየኝና ለጥገና ክፍሉ የሆነ ነገር አድርጋቸው አለኝ። አዲሱን ሲስተም ሊሸከሙ አይችሉም። ሳስስ ሳስስ በነፃ የሚገኝ አንድ ሲስተም አገኘሁ፤ ውስጡ አዲስ፣ መልኩ የድሮው። ግራጫው መስመር ከታች፣ መነሻው ቁልፍ ግራ ጥግ ላይ፣ ፎልደሩም ሰው ባስቀመጠበት የሚቀመጥ። «ሙዚየም ልከፍት ነው እንዴ» እያልኩ፣ እየተነጫነጭኩ ጫንኩት።

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ እጄ ከእኔ ቀድሞ መሄድ ጀመረ። ኮምፒውተር የተማርኩት እንዲህ ባለ ስክሪን ላይ ነበር፤ ሳላስበው ማውዙ የሚፈለግበት ደርሶ ይጠብቀኛል። ደስ አለኝ። ያንን ሁሉ ደንብ በየበሩ የለጠፍኩ ሰው ደስ ስላለኝ ደግሞ አፈርኩ፤ ተነስቼ በሩን ዘጋሁት።

ማሽኑ ከባድ ሸክም ይችል እንደሆነ ለማየት የመዝገብ ቤቱን ፎልደሮች በሙሉ ገለበጥኩበት። የቀረኝ የድሮውን መልክ የለመደ ሰው አስቀምጦ መሞከር ነበር። ጠዋት ስለነበር የጥገናው ሰዎች በሙሉ ውጭ ናቸው። ቸግሮኝ ወደ ምድር ቤት ወረድኩ። እትዬ አንዲት ፖስታ እንኳ በሌለችበት ጠረጴዛ ላይ ክንዳቸውን አጣምረው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይተባበሩኝ። የሚሞከር ነገር አለ።»

«እኔ ልሞክር?» አሉና ግራ ቀኛቸውን አዩ። «ሌላ ሰው ጠፋ?»

«አዎ፣ ሌላ ሰው የለም» አልኳቸው። እንዲህ ብዬ ስመልስ አላፈርኩም፤ የማፍርበት ጊዜ ገና ነበር።

ወንበሩን ሳብኩላቸው። ስክሪኑን ሲያዩ ምንም አላሉም፤ መነጽራቸውን አደረጉና አንድ ፎልደር ይዘው ወደ ቀኝ ጥግ ጎተቱት። ሌላውን ወደ ታች። ሦስተኛውን ከሁለተኛው አጠገብ።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«እያስቀመጥኳቸው ነዋ። ይሄኛው ይፈቅዳል አይደል?»

«ይፈቅዳል» አልኩ።

ቁጥሩን አየት ያደርጋሉ፣ ይጎትታሉ፣ ያስቀምጣሉ። እንዲህ ሲሉ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረው። ሰልችቶኝ ላግዛቸው ብዬ በጣቴ መሐሉን አሳየኋቸው። «እዚህ ጋ ሰፊ ቦታ አለ እኮ።»

«እዚያ አይሆንም» አሉ። «ወንዙ ነው።»

ወንዙ ነበር። ያ በንቀት የጠረግኩት ጠማማ ባዶ ቦታ ከላይ ይወርድና ድልድዩ ጋ ሲደርስ ወደ ግራ ይታጠፋል። ከወንዙ ወዲህ ገበያው፣ ማዶ ትምህርት ቤቱና ሆስፒታሉ፣ ከላይ ኮረብታው ላይ የውኃ ማጠራቀሚያዎቹ። ዓይኔ ሥር የሚሠራው ከተማው ራሱ ነበር፤ እያንዳንዱ ፎልደር ቧንቧው በተቀበረበት በኩል እየገባ ነው። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለ።

«ቁጥሮቹን እንዴት አወቋቸው?»

«ቁጥሩን ሳየው ቦታውን አውቀዋለሁ። ቦታውን ነግረው ቁጥሩን ጥሪ ሲሉኝ ነው የማይመጣልኝ። የሰው ፊቱን እያወቅከው ስሙ አይጠፋህም?»

ያን ቀን የቢሮዬ በር ላይ ቆመው ሊነግሩኝ የነበረው ይህንን ነው። አንድ ደቂቃ ባዳምጣቸው ኖሮ ይበቃ ነበር።

ከዚያ ያደረግኩትን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል። ይቅርታ በመጠየቅ ፈንታ እፈትናቸው ጀመር። «ከትምህርት ቤቱ በር ፊት ለፊት?» እጃቸው ሄደ፣ ከፈቱት፣ ሥዕሉ ያው ነው። «ከአሮጌው ጋራዥ ጎን?» እሱም ልክ። «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ?» እዚህም ላይ አልሳቱም፤ መዝጊያው ከግድግዳው ሦስት ሜትር ርቆ እንደተቀበረ ሥዕሉን ሳይከፍቱ ነገሩኝ። አሥራ ሁለት ቦታ ጠየቅኳቸው። አንዱን እንኳ እንዲስቱልኝ በልቤ እየለመንኩ ነበር፤ አንድ ስሕተት ባገኝ ወረቀቴ ግማሹ እውነት ይሆንልኛል። አንድም አልሳቱም።

«ይኸው፣ ቦታቸው ቦታቸውን አገኘች» አሉ ፈገግ ብለው። ስሙን እንደሚያውቁት እስከዚያች ደቂቃ አላወቅኩም ነበር። ማን እንዳወጣው ያውቁ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደፈርኩም።

መነጽራቸውን አውልቀው በሻርፓቸው ጫፍ ጠረጉት። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እንግዲህ ደህና ነኝ ማለት ነው?» አሉኝ።

«ምንዎ እትዬ?»

«ጭንቅላቴ።»

እሳቸው ወደ ስክሪኑ ተመልሰው ፎልደሮቹን እየጎተቱ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ቀጠሉ።

«የወረቀትህን ቅጂ ሰጥተውኝ ነበር። ቤት ወስጄ ለልጄ አስነበብኳት። እኔም እኮ አምኜሃለሁ፤ ማሽኑን የሚያውቅ ሰው በከንቱ አይጽፍም አልኩ። ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሐኪሙ ‹ለጊዜው ምንም አይታየኝም፣ ግን እንከታተላቸው› አለ፤ እሷ ‹ግን› የምትለዋን ብቻ ይዛ ወጣች። ከዚያ ወዲህ ምድጃ አታስነካኝም። የልጅ ልጄንም ብቻዬን አታስይዘኝም። ስምንት ወሯ ነው። ስታለቅስ ጎረቤት ተጠርታ ታነሳታለች፤ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ አያለሁ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሻይ ቤት አንገቴን ሰብሬ ያስመሰልኩት ድምፅ ይሄው ድምፅ ነው፤ ይህንን እያሰብኩ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

«አሁኑኑ ሥራ አስኪያጁ ጋ ወጥቼ ወረቀቱ ስሕተት ነው እላለሁ» አልኩ በመጨረሻ። «ኮሚቴው የሚሰበሰበው ሰኞ ነው፤ እንደርስበታለን።»

«እሱ ይደርሳል። መጀመሪያ ለልጄ ደውልላት። እኔ ብነግራት አታምነኝም፤ ‹ይኸው ደግሞ ጀመራት› ነው የምትለው።»

ከቦርሳቸው ስልካቸውን አወጡ፣ ቁጥሩን ነኩና ሰጡኝ። ሁለቴ ጠራ። ምን ብዬ እንደምጀምር አስቤ ሳልጨርስ የአንዲት ሴት የተጣደፈ ድምፅ መጣ።

«እማዬ፣ የት ነሽ? መንገድ ጠፋብሽ? ባለሽበት ቁሚ። አጠገብሽ ላለ ሰው ስልኩን ስጪልኝ።»

አጠገባቸው ያለሁት ሰው እኔ ነበርኩ።

«መንገድ አልጠፋባቸውም» አልኩ። «መሥሪያ ቤት ናቸው፤ ደህና ናቸው። እኔ የኮምፒውተር ባለሙያው ነኝ። ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናትዎ ምንም አልሆኑም፤ ፋይሎቻቸውን ያስቀመጡበትን መንገድ ያጠፋሁባቸው እኔ ነኝ።»

ከወዲያ የሕፃን ድምፅ ይሰማል።

«ስትጽፈው ታውቅ ነበር?» አለችኝ።

የተዘጋጀ ማብራሪያ አላጣሁም፤ ስለ ሲስተሙ፣ ስለ ማዕከሉ፣ ስለ ደንቡ ብዙ ማለት እችል ነበር። እትዬ ከጎኔ የመጨረሻዎቹን ፎልደሮች ከወንዙ ማዶ እያስቀመጡ ነው፤ ጆሯቸው ግን እኔ ጋ ነበር።

«ጠርጥሬ ነበር» አልኳት። «ጥፋቱ በእኔ ላይ እንዳይመጣ ፈርቼ ነው የጻፍኩት።»

የእትዬ እጅ ማውዙ ላይ ቆመ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ተሳስቼ የጻፍኩት ነበር የመሰላቸው።