ስትገቢ ንገሪን

ሄንክ የመጣ ቀን ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ ነው የገባሁት። ሰፈርተኛው ሁሉ “ፋና፣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ እየሩስ እያለ በየበሩ ይዞራል” ይለኛል። የእህቴን ስም ከሰማሁ ደግሞ እግሬ አይያዝም። ከጥቅምት ወዲህ ስሟን ያነሳ ሁሉ ወሬዋን ይዞ የመጣ ነው የሚመስለኝ።

ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

ቤታችን ሦስት የእንግዳ ክፍልና ዳማ የምትባል አንዲት በቅሎ ነው። አባየ በእሷ እንግዳ ተራራው ላይ ያለችው አሸተን ማርያም ገዳም ድረስ ያወጣሉ፣ ያወርዳሉ። ማስታወቂያ ምናምን አያውቁም። የሚያውቁት አንድ ነገር ነው፣ እንግዳ ከዓይን እስኪሰወር ይሸኛል። ባጃጁ ቁልቁል ወርዶ አቧራው እስኪጠፋ ቆመው ያያሉ፣ በቃ።

ኢንተርኔቱን ያመጣችው እታለም ናት። እየሩስን እታለም ነው የምላት፣ ታላቄ ስለሆነች። ኢንተርኔት ቤት ሄዳ፣ መብራት ከጠፋም እስኪመጣ እዚያው ተቀምጣ፣ ለሄደው እንግዳ ሁሉ “በሰላም ገባህ ወይ፣ እናትሽ ተሻላቸው ወይ” እያለች በኢሜይል ትጽፋለች። ተመልሳችሁ ኑ አትልም እኮ። ስለ ዋጋም ምንም። ገባችሁ ወይ ብቻ። እነሱ ለጓደኛቸው ያወራሉ፣ ጓደኛቸው ይመጣል። “ኢንተርኔት ማለት፣ ፋንየ፣ ዓይን የማይደርስበት ድረስ መሸኘት ነው” ትለኝ ነበር።

ከዚያ የአክስቴ ልጅ ወንዴ ከአዲስ አበባ መጣ። ወንዴ ክፉ አይደለም፣ እንዳትጠሉት። ፀጉሩ ብቻ… እሱን ተዉት። ኢሜይል አርጅቷል፣ ሰው ሁሉ አሁን ፌስቡክ ላይ ነው አለ። እኔ በደስታ ልሞት። የድሮውን አድራሻ ዘጋው፣ በአባየ ስም “የታፈረ ቤት” የነበረውን መጠሪያችንን “ላስታ ፓራዳይስ ሎጅ” አደረገው፣ ከሆነ ቦታ ያገኘውን አበባ የተበተነበት አልጋ ለጠፈ። ላይክ ዘነበ። አባየ ፎቶውን አይተው ይሄ አልጋ የማን ነው ቢሉ፣ ወንዴ ስቆ ዘመኑ እንዲህ ነው አላቸው።

ያንን አልጋ ብለው የመጡ ባልና ሚስት ክፍላችንን አዩና ሻንጣቸውን ሳያወርዱ ተመለሱ። ውሸታሞች ናቸው ብለውም ጻፉብን። ከእነሱ ወዲህ የመጣ የለም። የድሮዎቹስ በምን ያግኙን፣ ስማችንም አድራሻችንም ጠፍቷል። አባየ ዳማን ገበያ ሊያወጧት ሲነሱ እታለም “በቅሎዋ ትቅር፣ እኔ እሄዳለሁ” አለች። ቤሩት።

በጥቅምት መኪና እስከምትይዝበት ጋሸና ድረስ ሸኘናት። አባየ በመኪናው መስኮት እጇን ይዘው “ስትገቢ ንገሪን” አሏት። ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ነው የምነግራችሁ አለች። ሳቀች እንኳ። መኪናው መታጠፊያውን አልፎ እስኪጠፋ ቆመን አየነው።

“በሰላም ገባሽ ወይ?” ብዬ ጻፍኩላት። አላየችውም። ደግሜ ጻፍኩ። ያስኬዳት ደላላ ስልኩ አይነሳም። አባየ በየቀኑ ይጠይቁኛል፣ ግን “መለሰች?” አይሉም። “ገባች?” ነው የሚሉት።

እና ሄንክ። የሆላንድ ሰው ነው፣ ሚስቱ የሞተች ሰሞን እኛ ዘንድ አርፎ ነበር። ግቢ ስገባ የዳማን አንገት አቅፎ አገኘሁት፣ ቤቱንም ያወቀው በእሷ ነው። እንግሊዝኛዬ እንደሆነው ሆኖ አስተረጎምኩ። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከመንገድ ሲመለስ ገባህ ወይ የሚለው ሰው የለም፣ እየሩስ ብቻ ናት። የትም ይሂድ ትጠይቀው ነበር። ድንገት ዝም ስትል ታማ ይሆን ብሎ፣ ገናን አሳብቦ መጣ።

“ጻፍኩላት፣ አልመለሰችልኝም” አለ።

ለአባየ ነገርኳቸው። ቀና ሳይሉ የዳማን ልጓም እያጠበቁ፣ “ለእኛም አልመለሰች በይው” አሉኝ።

ይቺን መተርጎም አቃተኝ። ቃሎቹን አውቃቸዋለሁ እኮ፣ ቀላል ናቸው። ሄንክ ፊቴን አየና ገባው። ባርኔጣውን አወለቀ።

ገናን ከእኛ ጋር ዋለ፣ ሲሄድ አባየ አቧራው እስኪጠፋ ቆሙለት። ወንዴ አንገቱን ደፍቶ መጥቶ የድሮውን አድራሻ መልሶ ከፈተልኝ። የፌስቡኩንም ስም መልሼ “የታፈረ ቤት” አልኩና የራሳችንን አልጋ ከነሻካራ ብርድ ልብሱ፣ ዳማንም ኮርቻ ካቆሰለው ጀርባዋ ጋር ለጠፍኩ። ለድሮዎቹ ሁሉ እንደ እታለም ገባችሁ ወይ አልኳቸው። እየመለሱ ነው፣ ለፋሲካ እንመጣለን ያሉም አሉ። ደስ ሊለኝ ሲል እታለም ትዝ ትለኛለች።

ትናንት ሄንክ ሳልጠይቀው ቀድሞኝ ጻፈ። “ገብቻለሁ። እሷስ?” ይላል፣ የጻፈው ያቺኑ ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ አባየ ለዳማ ጭድ እየሰጡ ነበር። ሰውየው ምን አለ አሉኝ።

“ገብቻለሁ ይላል” አልኳቸው።

ጭዱን እንደያዙ መንገዱን አዩ።

“እሱስ ገባ” አሉ።