የማለች እጅ

መምህርቷ ያን ቀን በገዛ ክፍሏ ባዳ ሆና ዋለች። ዴስኮቹ ወደ ግድግዳው ተገፍተዋል። ትናንት የጻፈችው የክፍልፋይ ሒሳብ ከሰሌዳው ሳይጠፋ «ምርጫ ጣቢያ» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጥግ ላይ በሰማያዊ መጋረጃ የተከለለች ጠባብ ቦታ አለች፤ ሰው ድምፅ የሚሰጠው እዚያ ገብቶ ነው። የእሷ ሥራ ማየት ወይም መጻፍ ከማይችል መራጭ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ መግባትና እሱ በነገራት ዕጩ ምልክት ላይ ኤክስ ማድረግ ነበር። ያየችውንና የሰማችውን ለማንም ላትናገር ፈርማለች።

ችግሩ፣ ከመፈረሟ በፊት ምላ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ የሰፈሩ ጸሎት ቤት ሰባኪ ናቸው። ጸሎት ቤቱ የቆመበት መሬት ካርታ የለውም፤ በየዓመቱ «ይፈርሳል» የሚል ደብዳቤ ይመጣል፣ በየዓመቱ ሰባኪው ይለምናሉ። ዘንድሮ ከፊት ወንበር የማይጠፋው ኮንትራክተር ለምርጫ ተወዳደረና «እኔ ከገባሁ ካርታው በእጃችሁ ነው» አለ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ማለት ይሄ ነበር፤ ግን የተቸገረ ሰው ላሟን ቀርቶ ጥጃዋንም ያያል። የኮንትራክተሩ ምልክት መሰላል ነው። ከእሱ ጋር የምትፎካከረው የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት፣ ምልክቷ ፋኖስ። ነርሷ እምነቷ ሌላ ነው። ይሁን እንጂ የጉባኤው ልጆች እኩሌታ በእሷ እጅ ነው የተወለዱት። የመምህርቷ እናት አልጋ ይዘው ሳሉም ነርሷ ሦስት ወር ሙሉ ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ቁስላቸውን ታጥብላቸው ነበር።

ባለፈው ሳምንት ሰባኪው ስብከታቸውን እንደጨረሱ ጉባኤውን አስነሱ።

«ቀኝ እጃችሁን አንሱ። ይህች እጄ ከመሰላል ሌላ ብትመርጥ ትድረቅ በሉ።»

ኮንትራክተሩ ከፊት ቁጭ ብሎ አንገቱን ደፍቷል፣ ትሑት መሆኑ ነው። ሰው እርስ በርሱ ተያየና እጁን አነሳ። መምህርቷ እጇን ሳታነሳ ቆመች። አባቷ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል እሷን ለይተው አዩዋት። አነሳች። «ትድረቅ» አለች፣ ድምፅዋ ለራሷም አልተሰማትም።

እንግዲህ በምርጫው ቀን ማለዳ መጀመሪያ የመጡት ልብስ ሰፊዋ እትዬ ነበሩ። በሰባ ዓመታቸው ክር በመርፌ ቀዳዳ በአንድ ሙከራ የሚያስገቡ፣ የዓይናቸው ነገር በሰፈሩ የተወራላቸው ሴት ናቸው።

«ልጄ፣ ዛሬ ዓይኔ እምቢ አለኝ። ነይ ግቢልኝ» አሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ ሲገቡ ወደ ጆሮዋ ተጠጉ። «ፋኖሷ ላይ አድርጊልኝ።»

መምህርቷ ክው አለች። «እትዬ፣ ምለዋል እኮ!»

«የማልኩት በእጄ ነዋ! የኔ እጅ መቼ ጻፈ?»

«እኔም እኮ ምያለሁ።»

«አንቺማ የታዘዝሽውን ነው የምትጽፊ። እግዜር ይሄን ያጣዋል ብለሽ ነው?» አሉና ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጓት።

ሕጉ ግልጽ ነው፤ መራጩ ያላትን ማድረግ አለባት። አደረገች። እስክሪብቶውን ስታስቀምጥ አውራ ጣቷን ነዘር አደረጋት። ሒሳብና ሳይንስ የምታስተምር ሴት ናትና በራሷ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም።

ከዚያማ ምኑ ይወራል! መነጽር የረሳ መጣ። መኪናውን ራሱ እየነዳ መጥቶ «ማንበብ አልችልም» ያለ ሹፌር መጣ፤ በጸሎት ቤት መዝሙሩን ከወረቀት እያነበበ የሚያዘምረው እሱ ነው። ወለምታ፣ ቁርጥማት፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የጉባኤው ሰው ያልታመመው በሽታ አልነበረም። ሁሉም በጆሮዋ ያንኑ ይላታል፦ ፋኖስ። በመሀል እውነተኛው ዓይነ ስውር፣ ምርኩዝ ይዘው የሚሄዱት ሽማግሌ ገቡና «መሰላል ልጄ፣ ምያለሁ» አሏት። የሳቸውን ስትጽፍ አፍራ ልታለቅስ ደረሰች። እያንዳንዱ የራሱን እርግማን በእሷ እጅ ላይ ጥሎ፣ ቀሎት ይወጣል። እስከ ቀትር ድረስ አውራ ጣቷና ሁለቱ ጣቶቿ ደንዝዘው ነበር። ከዴስኩ ሥር እጇን እየጨበጠች ትዘረጋለች። የመድረቅ መጀመሪያው እንዲህ ይሆን እንዴ?

ይህን ሁሉ የሚያይ ዓይን ደግሞ ከፊቷ ተቀምጧል። የጉባኤው ጸሐፊ ነው፤ ወሬ ስለማያድርበት ሰፈሩ «ራዲዮ» ይለዋል። ዛሬ የኮንትራክተሩ ታዛቢ ሆኖ ባጅ አንጠልጥሏል፣ የልጆች ዴስክ ላይ ጉልበቱ ደረቱ ጋ ደርሶ።

«አሥራ አንድ ሰው ሆነ» አለ ራዲዮ። «መምህርት፣ ጉባኤው በሙሉ ታወረ እንዴ?»

ራዲዮ ወደ ጣቢያው ኃላፊ ዞረ። «ይቺ ልጅ መርዳቷን ታቁም!»

«አላይም ያለኝን ሰው ዓይኑን ልመረምር አልተቀጠርኩም» አሉ ኃላፊው፣ ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ።

ራዲዮ ስልኩን ይዞ ወጣ። በመስኮቱ በኩል ድምፁ ይሰማታል። «አባታችን፣ ቶሎ ይምጡ። ልጅዎ ጉድ እየሠራችን ነው።»

አባቷ ማን ምን እንደመረጠ ቢጠይቋት ምን ትላለች? ብትናገር የፈረመችውን ታፈርሳለች፣ እነ እትዬን ታሳጣለች። ዝም ብትል አባቷን፣ ከእናቷ በኋላ የቀሯትን አንድ ሰው፣ ታጣለች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሰባኪው ከበሩ ላይ ቆሙ።

ተራ የያዘው ሰው መንገድ ለቀቀላቸው። ከፊት የነበረው ዳቦ ጋጋሪ ነው፣ የጉባኤው ሰው። ቀኝ እጁን እስከ አንጓው በነጭ ፋሻ ጠቅልሏል፤ ፋሻው ገና ከመደብር እንደወጣ ንጹሕ ነው።

«ምን ነካህ?» አሉት ሰባኪው።

«ምጣዱ አቃጠለኝ፣ አባታችን» አለ ጋጋሪው፣ መሬት መሬት እያየ።

ሰባኪው ፋሻውን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ሄደ። ቀኝ እጇን በግራዋ ይዛ እያሸች ነበር።

«እኔም ረዳት እፈልጋለሁ» አሉ።

ራዲዮ ፈገግ አለ። እሷ ተነሳች።

መጋረጃው እንደተዘጋ ሰባኪው ዝቅ ባለ ድምፅ ጠየቁ። «ስንት ሰው ገባ?»

«አልናገርም፣ አባባ።»

«ምን ብለው አጻፉሽ?»

«አልናገርም። ቢቆጡም አልናገርም።»

ውጭ ራዲዮ ሲያስል ተሰማ።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

እስከዚያች ደቂቃ ይዛው የነበረው ነገር አመለጣት። «ደንዝዟል። ፈራሁ፣ አባባ። ሁሉም መሐላውን በእኔ እጅ ላይ ጥሎ ሄደ። የእኔ ብቻ ቢሆን ምንም አልነበር።» እንባዋ ድምፅ ወረቀቱ ላይ እንዳይወርድ ፊቷን አዞረች።

ሰባኪው እጇን ያዙ። በሁለት መዳፋቸው መሀል አድርገው አሹት፣ ልጅ ሳለች ብርድ ሲመታት እንደሚያደርጉት።

«ነርሷ የእናትሽን ቁስል ስታጥብ አንድ ቀንም እምነትሽ ምንድን ነው ብዬ አልጠየቅኋትም» አሉ። «አሁን ግን ጠየቅሁ። ያውም እግዜር ፊት ቆሜ።»

ከደረት ኪሳቸው መነጽራቸውን አወጡና አደረጉ። እስክሪብቶውን ከፊቷ አነሱ፣ በቀኝ እጃቸው።

«አባባ፣ እኔ ልጻፍልዎ!»

«ተይ። ያስማልኩት እኔ ነኝ። የምትደርቅ ካለች የኔዋ ትድረቅ።»

ፋኖሷ ላይ ኤክስ አደረጉ። መስመሩ ተጣሞ ከሳጥኑ ሊወጣ ትንሽ ቀርቶታል።

«ጸሎት ቤቱስ?» አለች በሹክሹክታ።

«ያፈርሱት ይሆናል» አሉና ወረቀቱን አጠፉ። ሃያ ስድስት ዓመት የሰበኩበት ቤት ነው። ከንፈራቸው ሲገረጣ አየች።

ወጥተው ወረቀቱን ሳጥኑ ውስጥ ጨመሩ። ራዲዮ ከዴስኩ ተፈናጥሮ ተነሳ። «አባታችን፣ አናገሩልን? ምን አለች?»

«ምንም አላለችም። የራሴንም ራሴ ጻፍኩ።» ወደ ተሰለፈው ሰው ዞሩ። «ያን ዕለት ያስማልኳችሁ እኔ ነኝ። ጥፋቱም የእኔ ነው። ከመሐላው ፈትቻችኋለሁ። የወደዳችሁትን ምረጡ፣ ግን በየራሳችሁ እጅ።»

«አባት፣ እዚህ ስብከት ክልክል ነው» አሉ ኃላፊው።

«ጨርሻለሁ፣ ልጄ።»

ራዲዮ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ እየሮጠ ወጣ። ለማን እንደሚደውል ያልገባው አልነበረም። ሰባኪውም ገብቷቸዋል፤ ግቢውን አቋርጠው ወደ ጸሎት ቤታቸው ሲሄዱ እርምጃቸው የከበደው ለዚያ ነው።

ተራው የዳቦ ጋጋሪው ነበር። መምህርቷ ለመነሳት ተዘጋጀች፤ እሱ ግን ባለበት ቆሞ የፋሻውን ጫፍ በጥርሱ ነከሰና መተርተር ጀመረ። ፋሻው ረጅም ነው፣ ዙሩ አያልቅም፣ ከሰልፉ ውስጥ አንዲት ሴት ሳቋን መያዝ አቃታት። በመጨረሻ መሬት ላይ ወደቀ። እጁ ደህና ነበር። ጥፍሩ ሥር የጠዋቱ ሊጥ ደርቋል።

«እስክሪብቶ ስጪኝ፣ እህቴ» አላት።

መምህርቷ በቀኝ እጇ አቀበለችው።