አባቴ «መስመራችን ይቆረጥልን» ብሎ የጻፈ ጊዜ

አባቴ ሠላሳ ስምንት ዓመት አሳንሰር ሲጠግን ኖሮ ጡረታ የወጣ ሰው ነው። ሰፈሩ በስሙ አይጠራውም፤ «ላይ ታች» ነው የሚሉት፤ እሱም አቤት ይላል። ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ወር፣ አንድ ቀን ስልኩን እንደያዘ ከሶፋው ብድግ አለና «ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። እናቴ የጠፋው መነጽሩ መስሏት «እሰይ፣ የት ነበር?» አለችው።

የተገኘው ነፃ ኃይል ነበር። ስልኩ ላይ አንድ ፊቱን የማያሳይ ሰውዬ ዙሪያውን ማግኔት በለጠፈበት ጎማ አምፖል ያበራል። ነዳጅ የለ፣ ገመድ የለ፣ ባትሪ የለ። ማግኔት ማግኔትን ይገፋል፣ ጎማው ይዞራል፣ አለቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ማግኔት የሚባል ነገር በቦታው አላደረም። የቁም ሳጥኑን በር የሚይዘው ማግኔት ሄደ፤ በሩ ቀን ከሌት አፉን ከፍቶ ያየናል። የፍሪጁ በር ጎማ ውስጥ ያለው ተጎልጉሎ ወጣ፤ ፍሪጁን በወንበር አስደግፈን መዝጋት ጀመርን። የድሮው ቴፕ ሆዱ ተዘርግፎ ድምፅ ማጉያው ተነቀለ። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፤ አንድ ጠዋት ስወጣ ከኋላዬ «እናንተ ጋ ማግኔት አይጠፋም መቼም?» አለኝ።

«አባዬ፣ ማግኔት የሚዋጥ ነገር አይደለም» አልኩት።

ከሁሉ የከፋው ግን የጠረጴዛው ነገር ነው። እናቴ ልብስ ሰፊ ናት፤ ጨርቅ የምትቆርጥበት ትልቅ ጠረጴዛ አላት። አባቴ የዚያን ጠረጴዛ መካከል በመሰርሰሪያ በሳው፤ ቀዳዳው ውስጥ ዘንግ አቆመ፤ ዘንጉ አናት ላይ ሃያ አራት ማግኔት የተለጠፈበት የብስክሌት ቸርኬ እንደ ትሪ አጋደመ፤ ዙሪያውንም የሚገፉትን ሌሎች ማግኔቶች ጠረጴዛው ላይ ደረደረ። በጣቱ ገፋ ሲያደርገው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ይደክመዋል፣ ይቆማል። አራት ደቂቃ ከምናምን። «ትንሽ ነው የቀረው» ይላል አባቴ፤ አንዷን ማግኔት በካቻቢቴ ጠምዘዝ አድርጎ እንደገና ይገፋል። ሰባት ወር ሙሉ ትንሽ ነበር የቀረው። ሰባት ወር ሙሉ እናቴ አልጋ ላይ ተንበርክካ ጨርቅ ቆረጠች። ፍራሽ ላይ የተቆረጠ ልብስ ደግሞ አንዱ እጅጌው ከአንዱ ይረዝማል፤ አንዲት ደንበኛዋ «እኔ እኮ ሁለቱም እጄ እኩል ነው» ብላ መልሳላታለች።

የእናቴ ታናሽ ወንድም የፊዚክስ መምህር ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል፤ ድሮ እኛን ሊጠይቅ፣ አሁን ግን አባቴን ሊከራከር።

«ጋሼ፣ ማግኔት ማለት ዳገትና ቁልቁለት ነው» ይለዋል። «ቁልቁለቱ ላይ ያገኘውን ጉልበት ዳገቱ ላይ ይጨርሰዋል። ትርፍ የሚባል ነገር የለውም።»

«ስለ መውጣትና መውረድ ለእኔ ነው የምትነግረኝ?» ይላል አባቴ። «አሳንሰር እኮ በወዲያኛው ጫፍ ብረት ተንጠልጥሎለታል። ሰው ሲወጣ ብረቱ ይወርዳል፣ ሰው ሲወርድ ብረቱ ይወጣል። ሚዛኑ ከተጠበቀ በትንሽ ጣት የሚገፋ ነገር ነው!»

«ታዲያ ሞተሩ ለምን ተገጠመለት?»

አባቴ አሰብ አደረገና «የሠሩት ሰዎች ማግኔት አላወቁበትማ!» አለ።

«ላም አለኝ በሰማይ!»

«አንተ መጽሐፍ ላይ የተሳለችውን ላም ብቻ ነው የምታውቀው፣ መምህር።»

እናቴ ከመኝታ ቤት መቀሷን እያንቀጫቀጨች «ሞኝና ማግኔት የያዘውን አይለቅም» ትላለች። ለየትኛቸው እንደሆነ አትናገርም።

አንድ ቅዳሜ ነገሩ ከረረ። አጎቴ ከወንበሩ ተነሥቶ «ይህ ነገር ማንም ሳይነካው አንድ ሙሉ ቀን ከዞረ፣ ሪዜን እላጫለሁ!» አለ። እኔና እናቴ ተያየን። ያ ሪዝ ሃያ ሁለት ዓመት የኖረ ነው፤ የራሱ ትንሽ ማበጠሪያ አለው።

ሰኞ እናቴ ጠረጴዛውን እስከ ወለል የሚወርድ ጨርቅ አለበሰችው። «አቧራ እንዳይገባብህ ብዬ ነው» ስትለው አባቴ በደስታ ፈነደቀ፤ በሰባት ወር ውስጥ ለሥራው ክብር ስትሰጥ የመጀመሪያዋ ነበር።

ማክሰኞ ከቁርስ በኋላ አባቴ አንዷን ማግኔት ጠምዘዝ አድርጎ ቸርኬውን ገፋው። አምስት ደቂቃ አለፈ። አሥር አለፈ። ሃያ ሲሞላ አባቴ ተቀመጠ። ሰዓት ሲሞላ እንባው ወረደ። «አልነካሁትም» ይለኛል እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ፣ ፖሊስ የያዘው ይመስል። «እይው፣ አልነካሁትም!»

አጎቴ በማግስቱ ከትምህርት ቤት ቀጥታ መጣ። ቸርኬው አሁንም ይዞራል። መጀመሪያ ቆጣሪውን ሄዶ አጠፋ፤ ቸርኬው አልቆመም። መስኮቶቹን ዘጋ። አባቴን ኪሱን አስፈተሸው። ከትምህርት ቤት ያመጣውን ኮምፓስ አስጠጋ፤ መርፌዋ ጨርቋን ጥላ አበደች። ጆሮውን ጠረጴዛው ላይ ለጥፎ ብዙ ቆየና ቀና አለ።

«ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» አለ። «ነይ እስቲ፣ መብራት ያዢልኝ።»

የስልኬን መብራት አበራሁና ሁለታችንም በእንብርክክ ጨርቁ ሥር ገባን። አባቴ እዚህ ቦታ አይቶ አያውቅም፤ ጉልበቱ የአሳንሰር ጉድጓድ ውስጥ አልቋል፣ አይታጠፍለትም። ከጠረጴዛው ሆድ ላይ አንዲት የጨርቅ ኪስ ተንጠልጥላለች። በኪሷ ውስጥ የዚያ የተዘረገፈው ቴፕ ሞተርና ሁለት የባትሪ ድንጋይ አሉ፤ ከሞተሩ ወደ ዘንጉ ቀጭን ላስቲክ ተዘርግቶ ይሽከረከራል። ኪሷ ዙሪያዋን ተዘምዝማለች። ቁልፍ ሁሉ አላት። ያንን ዝምዝማት የማላውቅ ከሆነ ያሳደገችኝን እናት አላውቃትም ማለት ነው።

አጎቴ አፉን ሲከፍት የእናቴ ጫማ በጨርቁ ሥር ገባና ጣቶቹ ላይ ቆመ። አልተጫነም፤ ቆመ ብቻ።

ወጣን። አባቴ ፈተና እንደሚመለስለት ተማሪ እጁን አጣምሮ ቆሟል።

«ምን አየህ?»

አጎቴ እህቱን አየ። አባቴን አየ። «ኩሽኔታው...» አለ፤ ዘንጉ የሚዞርበትን ማለቱ ነው። «በጣም ጥሩ ኩሽኔታ ነው።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ... ምላጭ አላችሁ?»

ማድ ቤት ውስጥ እየተላጨ፣ በሹክሹክታ «እታለም፣ ምን ነካሽ?» አላት።

«ሰው የተመኘውን ሲያገኝ ይተወዋል ብዬ ነው» አለች እናቴ። «ይዙርለትና ከጠረጴዛዬ ላይ ይውረድልኝ።»

«ባትሪው ሲያልቅስ?»

«እቀይራለኋ።»

ያለ ሪዝ አጎቴ የራሱን የስምንተኛ ክፍል ፎቶ መሰለ። በማግስቱ ክፍል ሲገባ ተማሪዎቹ ምትክ መምህር መስሏቸው «መምህራችን ምን ሆኖ ነው?» ብለው ጠየቁት።

እናቴ ግን ባሏን አላወቀችውም። አባቴ ሊተወው ቀርቶ አንገቱን ቀና አድርጎ መሄድ ጀመረ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየ። ባለ ሱቁ አየ። የሕንፃው ዘበኛ ሁለት ጊዜ አየና «ጋሽ ላይ ታች፣ እኔም ቤት አንድ ይተከልልኝ» አለ። አባቴም ማስታወሻ ደብተር አውጥቶ መዘገበው።

ዓርብ ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አንድ ደብዳቤ ሰጠኝና በመንገዴ ለኤሌክትሪክ መሥሪያ ቤቱ እንዳደርስለት ነገረኝ። ደረጃው ላይ ቆሜ አነበብኩት። «ለብዙ ዓመታት ስላደረጋችሁልን አገልግሎት ከልብ እያመሰገንኩ፣ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ መስመራችን እንዲቆረጥልን በትሕትና አመለክታለሁ። ገመዱን ለሌላ ችግረኛ ብትሰጡት ደስታውን አልችለውም።»

ተመልሼ ለእናቴ ሰጠኋት። እየተኮሰች ነበር። አንብባ እስክትጨርስ የአንድ ሸሚዝ ክንድ ተቃጠለ።

«ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል» አለች ካውያውን ነቅላ። ሄዳ ፊቱ ቆመች። «አንተ ሰው፣ ጎንበስ ብለህ ሥሩን እየው።»

«ጉልበቴ...»

«እንግዲያው ተኛ።»

አባቴ እንደ ድሮ የሥራ ጊዜው ወለሉ ላይ በጀርባው ተንጋለለና እየተሳበ ጨርቁ ሥር ገባ። ከወገቡ በታች ብቻ ይታየናል። ላስቲኩ ሲሽከረከር ይሰማል።

«ይህን ላስቲክ ማን ነው የለካው?» አለ ከሥር።

«ማን ይለካዋል? ዕድሜዬን ሙሉ የቀሚስ ወገብ የለካሁ ሰው አይደለሁም?»

«አልላላም፣ አልጠበቀም» አለ፤ ድምፁ ግን ተሰብሮ ነበር። የኪሷ ቁልፍ ስትፈታ ሰማን። ድንጋዮቹን አውጥቶ ላስቲኩን ከዘንጉ አላቀቀ። ቸርኬው መዞሩን ቀጠለ። ሦስታችንም፣ እሱ ከሥር እኛ ከላይ፣ እስኪቆም ጠበቅን። «አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ» አለ ሰዓቱን አይቶ።

ሁለት ቀን አላናገረንም። ቸርኬውን ከነዘንጉ ስላነሣው እናቴ ጠረጴዛዋ ባዶውን ቀረላት፤ ግን አንድ ጨርቅ አልቆረጠችበትም፤ አልጋው ላይ ተቀምጣ የተሰፋ ትፈታ ነበር። በሦስተኛው ቀን አባቴ ኮቱን ለበሰና «አጎትሽ ጋ አድርሽኝ» አለኝ። እዚያ ስንደርስ አልቀመጥም አለ፤ በር ላይ ቆሞ ነው የተናገረው።

«መምህር፣ ሪዝህን በሐሰት ነው ያስላጨሁህ። አላወቅሁም ነበር። ግን የእኔ ማሽን ነው፤ ሥሩን ማየት የእኔ ሥራ ነበር። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሥሩን ሳላይ ሰው አሳፍሬ አላውቅም።»

«ጋሼ፣ እኔ እኮ አይቼ ነው የዋሸሁህ» አለ አጎቴ፤ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተክሎ። ከዚያ ድንገት ቀና አለ። «ቆይ፣ ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ዞሯል ነው የምትለኝ? በሁለት ድንጋይ?»

«በሁለት ድንጋይ።»

«ፍጥነቱ ሳይቀንስ?»

«ሳይቀንስ። ምነው?»

አጎቴ እርሳስ ፈለገ። ወረቀት ፈለገ። አባቴም ሳይታወቀው ተቀመጠ። ሁለቱ አንድ ሰዓት ሙሉ አንገት ለአንገት ተያይዘው ጻፉ፣ ሰረዙ፣ ተጯጯሁ። በመጨረሻ አጎቴ ወረቀቱን ገፍቶ «ይህ ቸርኬ ምንም አይበላም ማለት ይቻላል» አለ። «ሰበቃ የሚባለውን ነገር አጥፍተኸዋል። ኃይል አልፈጠርክም፤ ግን እንዲህ የማያባክን ነገር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። ኩሽኔታውን በምንድን ነው ያጠብከው?»

አባቴ ከብዙ ጊዜ በኋላ ፈገግ አለ። «እሱን አልነግርህም» አለ፤ ወዲያው ደግሞ ሁሉንም ነገረው።

በሁለተኛው ሳምንት ቸርኬው አጎቴ ክፍል ፊት ለፊት ተተከለ፤ አባቴም በኮትና በክራባት አጠገቡ ቆመ። እኔና እናቴ ከኋላ ተቀምጠናል። አንዲት ቀጭን ተማሪ እጇን አወጣች።

«አባባ፣ ብቻውን ይዞራል?»

እናቴ ክንዴን ያዘችኝ።

«አይዞርም» አለ አባቴ። «ሰባት ወር ለመንኩት፣ ሰባት ወር እምቢ አለኝ። ከገፋሽው ግን የሰጠሽውን ቶሎ አይጨርስብሽም። ነይ፣ ግፊው።»

ልጅቷ ገፋችው። ሠላሳ ስምንት ተማሪ ሰዓቱን እያየ ጮክ ብሎ መቁጠር ጀመረ። አጎቴ ማግኔቶቹን ሁሉ አስነቅሎ ስለነበር ቸርኬው ያን ቀን ሰባት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ ዞረ። እስካሁን ማግኔቶቹ ራሳቸው ሲጎትቱት ኖረዋል ማለት ነው። ይህን ሲሰማ አባቴ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ክፍሉ ግን እያጨበጨበ ስለነበር ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁለቱ ከፊት ከፊት ሄዱ። «አየህ፣ ጋሼ?» ይላል አጎቴ።

«አየሁ፣ አየሁ» ይላል አባቴ። «የእኔ ጥያቄ ግን ሃያ አራት መሆናቸው ነው። ሃያ ሦስት ቢሆኑስ ኖሮ?»

አጎቴ መንገድ መካከል ቀጥ ብሎ ቆመ። እናቴ ሳትቆም አልፋቸው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት።