ደካማ የተባለው ዝናብ

ሬዲዮው «ደካማ» ነው ያለው። በሕንድ ውቅያኖስ ላይ የተነሳው ማዕበል ገና ባሕር ላይ ሳለ ጉልበቱን ጨርሷል፣ ወደ እኛ የሚደርሰው ርዝራዡ ነው፣ እሱም ቢሆን ቀላል ዝናብ ብቻ ያስከትላል ተባለ። አደም ይህን የሰማው ከሰንበቴ ገበያ ሲመለስ ሚኒባስ ውስጥ ነበር። ሾፌሩ እንኳ ድምፁን ከፍ አላደረገውም። ማሽላው ተቆርጦ አውድማ ላይ ተከምሯል፣ ወሩ ኅዳር ነው፣ ባሕር የሚሉትንም አደም በዓይኑ አይቶት አያውቅም። ታዲያ ምን ያስጨንቀዋል?

ዝናቡም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደካማ ነበር። ነጎድጓድ የለው፣ ነፋስ የለው፣ ቆርቆሮ ላይ እንኳ በቅጡ አይሰማም። ብቻ አላባራ አለ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚባለው ለካ እንዲህ ያለውን ነው። አንድ ማለዳ የአደም ሚስት ረቢአ ከብት ልትፈታ ወጥታ በራፉ ላይ ጮኸች።

«ቢሻን ዱፌ! አደም፣ ተነስ፣ ውኃው መጣ!»

የሚኖሩባት ቱሉ ኦዳ በጨፋ ሸለቆ መካከል ያለች ጉብታ ናት። ጥቂት ቤቶች አሉባት፣ አንድ መስጊድ አለባት፣ ከመስጊዱ ጀርባ ደግሞ የአካባቢው ሁሉ መቃብር አለ። ዙሪያው ረግረግ ስለሆነ ሬሳ የሚቀበል ደረቅ መሬት እዚያ ብቻ ነው። ክረምት ላይ የቦርከና ወንዝ ሲሞላ ጉብታዋ ደሴት ትሆናለች፤ ይህን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል። እህሉ አስቀድሞ ይወጣል፣ ከብቱ ወደ ዳገቱ ይነዳል፣ ሰው ጎረቤቱን እየተጠራራ ውኃው እስኪጎድል ይቀመጣል። ያ ግን የክረምት ነገር ነው። በኅዳር ደሴት ሆነው አያውቁም። በኅዳር ከዳገቱ የሚወርድ ውኃ ቢኖር እንኳ በአሮጌው ቦይ አድርጎ ከቀትር በፊት ቦርከና ይገባ ነበር።

ይገባ ነበር! አሁን ቦዩ አፍ ላይ የኸይረዲን ግድብ ተጋድሟል። ኸይረዲን ከሚሴ ላይ ሱቅ ያለው፣ ከቦዩ ማዶ ደግሞ ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ነው። ባለፈው በጋ እስካቫተር ተከራይቶ፣ የሽንኩርት ማሳውን ውኃ እንዳይነካበት፣ ቁመቱ ከሰው የሚበልጥ አፈር አስቆለለ። የቱሉ ኦዳ ሰዎች ሄደው «ይህ ነገር እኛን ያሰጥመናል» ቢሉት «ክረምት ሲመጣ አፉን እከፍትላችኋለሁ» አለ። ከፈተም። መስከረም ላይ ሽንኩርቱን ሲተክል መልሶ ዘጋው። ማንም ምንም አላለም፤ በበጋ ደካማ ዝናብ ይመጣል ብሎ ማን ያስባል?

አደም ወደ አውድማው ወረደ። ውኃው የክምሩን እግር ይዟል። ማሽላ እንዲህ ሲሆን ቶሎ ከወጣ ይሰጣና ይድናል፤ ከቆየ ግን ውስጥ ውስጡን ይግልና ይበቅላል። የበቀለ እህል ደግሞ ለዘርም ለሰውም አይሆንም። ከላይ ከላይ ያለውን ከረቢአ ጋር በማዳበሪያ እየሞሉ ወደ ቤት አወጡ፤ ግን የዓመት ቀለብ በሁለት ሰው ጀርባ ስንቱ ይወጣል? ጎረቤቱም ሁሉ የየራሱ ክምር ላይ ተጠምዷል። አደም የበሬውን ጭራ ይዞ፣ እስከ ደረቱ እየሰጠመ፣ ወደ ማዶ ተሻገረ።

ኸይረዲን ግድቡ ላይ ቆሞ ሽንኩርቱን እያየ ነበር። ማሳው ደርቆ፣ አረንጓዴ ሆኖ፣ አምሮ ተኝቷል።

«ክፈተው ኸይረዲን።»

«መጀመሪያ አሰላሙ ዓለይኩም ይባላል።»

«ወዓለይኩም ሰላም። ክፈተው፤ ማሽላችን ሊያልቅ ነው።»

«የኔ ሽንኩርትስ? ሊነቀል ምን ቀረው? ደግሞ ዝናቡ ደካማ ነው ተብሏል፣ ሬዲዮ አልሰማህም እንዴ? ነገ ይደርቃል ኢንሻአላህ።»

«አላህ መንገድ የሰጠውን ውኃ አንተ ዘግተህ ኢንሻአላህ ትላለህ?»

ኸይረዲን ፊቱን አዞረ። አደም መናገር የማይፈልገውን ነገር ያን ጊዜ ተናገረ። እናቱ እሱን ወልዳ ስትሞት ያጠባችው የኸይረዲን እናት እማ ነኢማ ናት። አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ ሆነው አድገዋል። በሸሪዓው ወንድማማቾች ናቸው። «በአንድ ጡት አድገናል» አለው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«እናቴን ከሽንኩርት ጋር አታገናኛት» አለ ኸይረዲን። «ታማ ተኝታለች።»

አደም ከዚህ በኋላ ቢቆይ እጁን ይሰነዝር ነበር። በዚያው ከነጭቃው ከሚሴ ሄደ፤ ሚኒባሱ አላስቀምጥም ብሎት ቆሞ ነው የሄደው። አቤት ሊል የገባበት የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ወጣት ነው፤ በአክብሮት ተነስቶ ወንበር ሰጠው። ክብሩስ ነበረ፤ የጠፋው ሌላ ነገር ነው።

«አባቴ፣ ከላይ የመጣልን መረጃ ማዕበሉ ደካማ ነው ይላል። በዚህ ዝናብ ጎርፍ አይጠበቅም።»

«አይጠበቅም?» አለ አደም፣ ደረቱ ድረስ የደረቀውን ጭቃ እያሳየ። «እና ይሄ ምንድን ነው? ላብ ነው?»

ባለሙያው ሳቀ፣ ከዚያ በመሳቁ አፈረ። ሳምንት ባልሞላ ጊዜ አንድ ቡድን እንደሚልኩ ቃል ገባ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። አደም እየተሳደበ ወጣ፤ ማንን እንደሚሳደብ ግን ለይቶ አላወቀም። ባሕሩን ይሳደብ? ሬዲዮውን? ዝናቡ እኮ ደካማ መሆኑን ማንም አልካደም! ደካማ ዝናብ ጡንቻ የሚያወጣው ሰው ሲያግዘው ነው። ይህን ለባለሙያው ሳይነግረው በመውጣቱ መንገዱን ሙሉ ሲቆጨው ዋለ።

ዝናቡ በዚያው ቀን አቆመ። ውኃው ግን የት ይሂድ? በቱሉ ኦዳ ዙሪያ ተኛ፣ ጸሐይ እየሞቀ ተኛ። በማግስቱም እዚያው ነበር።

በሦስተኛው ቀን ማለዳ የአደም ስልክ ጮኸ። ኸይረዲን ነበር፤ በኦሮምኛ ነበር የተናገረው፤ ልጅ ሳሉ ይነጋገሩበት በነበረው።

«አደም፣ ሃቲ ኬኛ ዱቴ።»

እናታችን ሞተች ማለቱ ነው። አደም ያለበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ፤ እንባው መጣ። የእማ ነኢማ ነገር ሌላ ነው፤ እሷ ሽንኩርትም ግድብም አታውቅም። ከእንባው ሥር ግን ሌላ ነገር ይንተከተክ ጀመር። እናታችን! ከትናንት በስቲያ «እናቴ» ነበረች፤ ዛሬ ቀባሪ ሲፈለግ «እናታችን» ሆነች።

«ኑዛዜዋ ከአባቴ ጎን እንድትቀበር ነው» አለ ኸይረዲን። «ቀብሯን አስቆፍርልኝ። ከሰዓት በኋላ፣ ከዐስር ሶላት በፊት እናምጣት።»

አደም ወሬውን ይዞ ወደ መስጊዱ ወጣ። ወንዶቹ ተሰበሰቡ። አንዳንዱ የልቡን ተናገረ፦ «በውኃው ውስጥ ተሸክሟት ይምጣ!» «ሽንኩርቱ መሃል ይቅበራት!» ሼህ አንዋር፣ የቅሬው ዳኛ፣ እጃቸውን አነሱ። ቅሬ፣ የወሎው የቀብር ዕድር፣ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰው ሲሞት የማይቀር፣ ሲጠራ የማይቀርበት ነገር ነው። ጠላትህም ቢሆን ቅሬ ከጠራህ አካፋህን ይዘህ ትወጣለህ። የቀረ ሰው ደግሞ ነገ ሲሞት የሚያነሳው ያጣል።

«አስተግፊሩላህ በሉ» አሉ ሼህ አንዋር። «እሷ ምን በደለች? ስንቶቻችሁን አዋልዳለች፣ ስንቱን አጥብታለች። ቀብሩ ይቆፈራል።»

«ይቆፈራል» አለ አደም። «እኔው እጀምረዋለሁ።» ከዚያ ስልኩን አወጣና በሁሉም ፊት ደወለ። «ኸይረዲን፣ ቀብሯን እኛ እንቆፍራለን። መንገዱን አንተ ቁፈር።»

«የምን መንገድ?» አለ ኸይረዲን።

«ቃሬዛ ተሸክሞ በዚህ ረግረግ የሚሻገር ሰው የለም። ብትጥሏት ጉድ ነው። ቁፈር» አለና ዘጋበት።

ለህዱን፣ ሬሳው የሚያርፍበትን የቀብሩን ጓዳ፣ እየቆፈሩ ከጉብታው ላይ ያዩ ነበር። መጀመሪያ ኸይረዲን ብቻውን ግድቡ ላይ ወዲህ ወዲያ አለ። ከዚያ ሠራተኞቹ ዶማ ይዘው መጡ። ከዚያ ራሱ ኸይረዲን ጋቢውን ጥሎ ዶማ አነሳ። አፈሩ ብዙም አላስቸገራቸውም፤ አንዴ ውኃው ቀዳዳ ካገኘ በኋላ ራሱ ቆፈረው። ሽንኩርቱ ላይ ሄደበት፣ መደቡን ጠረገው፣ ቦርከና ገባ። ሰዎቹ ቁፋሮውን እስኪጨርሱ ሜዳው ጭቃውን ማሳየት ጀመረ።

አደም አካፋውን ተክሎ ያይ ነበር። ደስ ሊለው ይገባ ነበር። የተሰማው ግን ንዴት ነው፣ ከትናንት በስቲያው የባሰ ንዴት። ይህን ያህል ብቻ ነበር? አንድ ማለዳ፣ ጥቂት ዶማ፣ አንድ «እሺ»? እሱ ለስንት ነፍስ ቀለብ ለምኖ ያጣውን የሞተች ሴት ዝም ብላ ተኝታ አገኘችው!

ጭቃውን እየረገጠ ወደ አውድማው ወረደ። ረቢአ ቀድማው ደርሳ ክንዷን እስከ ትከሻዋ ክምሩ ውስጥ ከትታ ነበር። ስታወጣው እጇ ላይ ትንፋሹ የሚሸት ትኩስ እርጥበት ነበረበት። መዳፏን ዘረጋችለት። እያንዳንዱ ፍሬ ነጭ ቡቃያ አውጥቷል።

«ትናንት ቢሆን እኮ» አለች ረቢአ።

«ዝም በይ።»

«ዝም አልልም! ትናንት ቢሆን ይተርፍ ነበር!»

አደም አንድ እፍኝ ዘግኖ ጭቃው ላይ በተነው። ሙሉ ዓመት ያረሰው እዚያ ሆኖ ይሸታል፤ ቤት የገባው ማዳበሪያ እስከ ጥር እንኳ አያደርስም። ሚስቱ ፊት አለቀሰ፤ አላፈረም። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወደ ቀብሩ ተመለሰ፣ ምክንያቱም ቃሬዛው እየመጣ ነበር።

የቀብር ሶላት ሰገዱባት። ለህዱ ውስጥ የወረዱት ሁለቱ ልጆቿ ናቸው፤ የወለደችውና ያጠባችው። አደም በራሷ በኩል ተቀበላት። ቀላል ነበረች፣ ምንም የማትከብድ። ፊቷን ወደ ቂብላ ሲያዞሩ የኸይረዲን እጅ እጁን ነካው። አደም ለአፍታ አዘነለት። እንዲያውም ከጉድጓዱ ሲወጡ እጁን ሰጥቶ የሳበው እሱ ነው።

አፈሩ ተመለሰ። እንደ ደንቡ ኸይረዲን ቆመና ወደ ሕዝቡ ዞረ። «በእናቴ ላይ ሐቅ ያላችሁ፣ የተቀየማችኋት፣ ለአላህ ብላችሁ ይቅር በሏት፣ አውፍ በሏት።»

«አውፍ ብለናል!» አለ ሕዝቡ ባንድ ድምፅ። አደምም ከልቡ አለ።

ኸይረዲን ግን አልተቀመጠም። «እኔንም» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «እኔንም በዚያው አውፍ በሉኝ።»

አንድ ሁለት ሰው ማጉረምረም ጀመረ። ማን ይጨክናል፣ እናቱን በቀበረበት ሰዓት? አደምም አፉን ሊከፍት ነበር። ያን ጊዜ ዓይኑ ከሰዉ ራስ በላይ አልፎ ግድቡ ላይ አረፈ። የኸይረዲን ሠራተኞች አፈር የሞላ ማዳበሪያ እየተቀባበሉ የተቆረጠውን አፍ ይደፍኑ ነበር። ግማሹን ደፍነውታል።

«ያ ምንድን ነው?» አለ አደም፣ በጣቱ እያሳየ።

ሰዉ ሁሉ ዞረ። ኸይረዲን ሳይዞር አወቀው።

«ከላይ ገና ውኃ ይወርዳል... የተረፈችው ሽንኩርት...» አለ።

«ቃሬዛው እስኪያልፍ ነው የከፈትከው?»

«አደም፣ ለአላህ ብለህ፣ ዛሬ አይደለም።»

«አውፍ የሚባለው ለሞተ ነው!» አለ አደም። ድምፁ መስጊዱ ድረስ ተሰማ። «የሞተ ሰው የበደለውን ማስተካከል አይችልማ! አንተ በሕይወት አለህ፣ እጅ አለህ፣ ዶማ አለህ። አላልኩህም፤ አልልህምም!» አካፋውን ከመሬት ነቅሎ ቁልቁል ጀመረ።

ኸይረዲን ከኋላው ጮኸ፦ «የእናቴ አፈር ሳይደርቅ?»

«የኔም ማሽላ አልደረቀም!»

ሰዉ ሁሉ ወደ ሼህ አንዋር አየ። ሼሁ የጀመሩትን ዱዓ ሳይቸኩሉ ጨረሱ፣ ፊታቸውን በእጃቸው አበሱ፣ ከዚያ ቀና አሉ።

«አካፋ ያለው ሁሉ ይውረድ» አሉ። «ያ ግድብ ዛሬ ከመሠረቱ ይነሳል። የቅሬ ጥሪ ነው፤ የሚቀር ሰው የለም።»

ወንዶቹ ቀብር የቆፈሩበትን አካፋና ዶማ እያነሱ በጭቃው ወረዱ። አንዱ ኸይረዲን ፊት ሲደርስ ቆመ፤ ሁለት አካፋ ይዞ ነበርና አንዱን ዘረጋለት። ኸይረዲንም የቅሬው ሰው ነው።