ኢላይሳኔ እጅጌዋን የጠቀለለችበት ቀን

ጉንፋኑ የመጣው ከለቀስተኞቹ ጋር በመርከብ ተሳፍሮ ነው። አንድ የተከበሩ የደሴቷ ሽማግሌ ሲቀበሩ አገሩ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሬሳውን ተራ በተራ ስሞ፣ እርስ በርሱም ተቃቅፎ ተላቅሶ ተለያየ። ብዙም ሳይቆይ በደሴቷ ላይ የማያስል ቤት ጠፋ። ሁለት አሮጊቶች ሞቱ። የፔኒሲማኒ ጎረቤት ልጆች ደግሞ ሁሉም አልጋ ላይ ናቸው፤ በሁለቱ ቤቶች መካከል ያለው አጥር ዶሮ እንኳ አይመልስም፣ እንኳን ሳል።

ኢላይሳኔን እንቅልፍ የነሳት ይኸው አጥር ነው። የወንድሟ የፔኒሲማኒ ልጅ ሎሴ ገና ስድስት ዓመቷ ነው፤ አስም አለባት። በደህናው ቀን እንኳ ሮጣ ስትመጣ ደረቷ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል።

ሲስተር ፉሲ ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ይዛ ከትልቁ ደሴት ከቫቫኡ በጀልባ መጣች፤ ማታውኑ ትመለሳለች። የመንደሩ ሹም የቤተ ክርስቲያኑን አዳራሽ ፈቀደላት። ቁልፍ ያዡ ግን ፔኒሲማኒ ነው። ሹሙን እምቢ ማለት አይችልምና ከፈተላት፤ ከፍቶም በሩ ላይ ቆመ። ያ ሰው በር ላይ ከቆመ በሩ ተዘጋ ማለት ነው፤ ትከሻው ከመቃን መቃን ይደርሳል።

«የሚገባ ይግባ፣ አልከለክልም» ይላል። «እኔ የማውቀው አማቴ አምና ይህን መርፌ ተወግተው በማግስቱ መሳላቸውን ነው። ከዚያ ቀበርናቸው።»

እንዲህ የሚል ሰው ታክኮ ማን ይገባል? ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ ሰልፉ ደጅ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ቆሞ ቀረ። ሚስቱ ሜሌናይቴም ሎሴን በእጇ ይዛ ጫፍ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

ኢላይሳኔ እንደ ክብር ቀን የወገብ ሰሌኗን አጥብቃ ታጥቃ መጣች። ከአዳራሹ ጥግ ወንዶቹ ካቫ የሚሉትን የሥር መጠጥ ከበው ተቀምጠዋል። አንዲት የኮኮናት ቅል ከአፍ ወደ አፍ ትዞራለች።

«አንቺም ልትወጊ ነው? ነገ ሳል እንዳይዝሽ» አላት አንዱ።

«አንተን ከማን እንደያዘህ ቅሏን ጠይቃት። መንደሩ የሳለባትን ቅል እየላስክ መርፌ ትፈራለህ።»

ሳቁ። የሳቀው ሁሉ ሳለ።

ከወንድሟ ጋር ግን እንዲህ አይቀለድም። እህትና ወንድም ናቸውና ካደጉ ወዲህ ፊት ለፊት ተነጋግረው አያውቁም። እሷ ስትገባ እሱ ይወጣል፤ የገላ ነገር በሚነሳበት አብረው አይቀመጡም። መልእክት ካላቸው በሰው ይልካሉ፣ ያውም በአንቱታ። ታናሹ ብትሆንም የክብሩ ወንበር የእሷ ነው፤ የአባት እህት በወንድሟ ልጆች ላይ ያላትን ሥልጣን አባትየውም አይሽረውም። እስካሁን የተጠቀመችበት በሠርግና በቀብር ምርጡን ሰሌን ለመውሰድ ብቻ ነበር።

ራቅ ብላ ቆመችና ወደ አሮጊቷ ኬሳያ ዞረች። «እማማ፣ ወንድሜን እንዲህ ይበሉልኝ፤ የሎሴ አክስት ልጅቷን ልታስከትብ መጥታለች፣ በሩን ይልቀቁላት።»

«በዚህ ዕድሜዬ ስልክ ሆንኩ» አለች ኬሳያ፤ ቢሆንም ደገመችው።

ፔኒሲማኒ ወደ ባሕሩ እያየ መለሰ። «እህቴን እንዲህ ይበሏቸው፤ ሰሌን ይጠይቁኝ፣ አሳማ ይጠይቁኝ፣ ቤቴንም ይውሰዱ። የልጄ ትንፋሽ ግን አንድ ክር ነው። እሱን በመርፌ አላስነካም።» ድምፁ መጨረሻው ላይ ተሰበረ።

ክፋት ቢሆን ይቀላት ነበር፤ ፍርሃት ነው። የእሷም ፍርሃት ያው ነው።

«ይበሉልኝ፤ ዝናብ ከጀመረ በኋላ ጃንጥላ የገዛ ሰው ቢበሰብስ፣ ጃንጥላው አዘነበብኝ ይላል?»

ሲስተር ፉሲም ከውስጥ ሰምታ ኖሮ «ልክ ናት» አለች። «መርፌው ውስጥ ያለው የሞተ ቫይረስ ነው። ክንድ ያማል፣ ትንሽ ሊያተኩስም ይችላል፤ ጉንፋን ግን አያስይዝም። መከላከል የሚጀምረው ግን ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው። በዚያ መሃል በሽታው ከቀደመ ይቀድማል። ለዚህ ነው ዛሬ የምለው።»

«ሰምቻለሁ» አለ ፔኒሲማኒ። ንቅንቅ አላለም።

ሥልጣኑም፣ ምሳሌውም፣ ሲስተሯም አልሠሩም። ኢላይሳኔ ወደ በሩ ቀረበች።

«ሲስተር፣ አንድ ወንበር አቀብዪኝ።»

ወንበሩን በወንድሟ ክርን ሥር ተቀበለችና በሩ አፍ ላይ አስቀመጠችው፤ ተቀመጠችበት። ከዚያ የቀሚሷን እጅጌ መጠቅለል ጀመረች። ከክርኗ አለፈች። ወደ ትከሻዋ ወጣች።

«ኧረ ልጄ፣ ወንድምሽ ቆሞ» አለች ኬሳያ።

«ምን ላድርግ እማማ፤ ሲስተር ልብስ አትከትብ።»

ፊቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ይህ ነገር እስክታረጅ እንደሚነሳባት፣ ለልጅ ልጅ እንደሚተርፍ ታውቃለች። ይነሳ።

ፔኒሲማኒ ፍም እንደረገጠ ሰው ተስፈንጥሮ ዞረ። ፊቱን በመዳፉ ሸፍኖ ደረጃውን ወረደ፣ ማንጎውን አለፈ፣ እስከ ውኃ ማጠራቀሚያው ድረስ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶ ቆመ። በሩ ወለል አለ።

መርፌው ገባ፣ ወጣ። «ሜሌናይቴ፣ ልጄን አምጪልኝ» አለች ኢላይሳኔ።

ሜሌናይቴ አንዴ የባሏን ጀርባ አየች፤ ከዚያ መጣች። ሎሴ አክስቷ ጭን ላይ ሆና ስትወጋ ጮኸች። ያ ሰፊ ጀርባ ደነገጠ፣ ግን አልዞረም። ሰልፉ ተንቀሳቀሰ። ከካቫው ክብ ሁለት ሰዎች ምንም እንዳልተፈጠረ ተነሥተው ጅራቱ ላይ ቆሙ።

«አሁን እጅጌሽን አውርጂው፣ ጨርሰናል» አለች ሲስተር ፉሲ።

«ካወረድኩት ይመለሳላ።»

ኬሳያ ከማጠራቀሚያው በኩል እያነከሰች መጣች። «ልጅቷ ትተነፍሳለች ወይ ብለው ይጠይቃሉ።»

«ትተነፍሳለች፣ ትሳደባለችም። ይበሉልኝ፤ የሚያተኩሳት ከሆነ እኔ ቤት ያተኩሳታል፣ እስኪበርድላት ከእኔ ጋር ታድራለች። ሊጠይቋት ሲመጡ እኔ እወጣላቸዋለሁ። አሁን ግን ሰልፉ እስኪያልቅ ይህ ክንድ አይሸፈንም።»

«ይሄን ሁሉ?»

«ረዘመ ካሉ የክንዱን ብቻ ይንገሩልኝ።»

ኬሳያ እየሳቀች ተመለሰች። ኢላይሳኔ ሎሴን ታቅፋ፣ ክንዷን እንዳራቆተች፣ የሚያያትን ሁሉ መልሳ እያየች ተቀመጠች።