የአባ ኢላሪዮ መቆሚያ

አባ ኢላሪዮ ከቪኩኛ ከተማ ወደ ሌላ ደብር ሊዛወሩ ሳምንት ሲቀራቸው፣ እንደሳቸው ሰማይ ማየት የምትወደውን ያስናን ጠርተው፣ ካሏቸው ሁለት የቴሌስኮፕ መቆሚያዎች አንዱን በነጻ እንድትወስድ ነገሯት። ሁለቱም በሞተር የሰማዩን ዙረት እየተከተሉ ስለሚዞሩ ካሜራው ብዙ ደቂቃ ተከፍቶ ቢቆይም ኮከቡ ነጥብ እንደሆነ ይቀራል፤ ያለ እነሱ መስመር ሆኖ ይለጠጣል። ልዩነታቸው ክብደት ነው። ትልቁ የያስናን ወፍራም ቴሌስኮፕ ሳይነቃነቅ ይሸከማል፤ ትንሹ አቅሙ አንድ ካሜራ ከነሌንሱ ነው።

ያ ቴሌስኮፕ መቆሚያ አጥቶ ሦስት ዓመት አልጋ ሥር ተኝቷል። እናቷ ቤት ስትጠርግ በመጥረጊያው ጎሸም እያደረገች "ደህና አደርክ?" ትለዋለች። ያስና የምትፈልገው አንድ ፎቶ ነበር፤ የማጌላን ደመና የሚባለውን የከዋክብት ክምር ራሷ አንስታ ግድግዳው ላይ መስቀልና እናቷን ዝም ማሰኘት።

ስለዚህ ትልቁን መረጠች።

ቤቷ ኮረብታው ላይ ነው፤ መኪና የላትም። አባም እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በበዓል ቀን የእመቤታችንን ምስል የሚሸከሙትን አራት ሰዎች ለመኑላት። ሰዎቹ መቆሚያውን በአሮጌ መጋረጃ ሸፍነው ምስሏ የምትወጣበት ቃሬዛ ላይ ጫኑት። ቃሬዛው ትከሻቸው ላይ ካረፈ የሚያውቁት አረማመድ አንድ ብቻ ነው፤ አሥር እርምጃ ሄደው ይቆማሉ፣ ግራና ቀኝ ይወዛወዛሉ፣ እንደገና አሥር እርምጃ። መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ አንዲት አሮጊት አማተቡ። ሁለተኛው ላይ መዝሙር ተጀመረ። ያስና መጋረጃውን ገልጣ ልታስረዳ አስባ ነበር፤ ግን መዝሙሩ አምሮ ስለነበር ተወችው።

በሯ ላይ ሲደርሱ የተሸካሚዎቹ አለቃ ሮሳሜል ላቡን ጠረገ።

"የኔ እህት፣ ይሄን በየስንት ጊዜው ነው የምታወጪው?"

"ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ሁሉ።"

"እኛ እመቤታችንን እንኳ በዓመት አንዴ ነው የምናወጣት።"

እናቷ መጥረጊያዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። "አልጋው ሥር ገና ቦታ አለልሽ" አለች።

ያስና ጨረቃ በሌለችበት ምሽት ሁሉ አራት ሰው ከየት ታመጣለች? የማጌላን ደመና ሰፊ ነው፤ ያለ ቴሌስኮፕም በተራ የካሜራ ሌንስ ይነሳል።

"መልሱት" አለች በዝግታ። "ትንሹን ነው የምወስደው።"

ግን ከኋላቸው አርባ ሰው ተከትሎ ነበርና መቆሚያው ሲወጣ እንደነበረው እየተዘመረለት ወረደ። አባ ኢላሪዮ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሳምቡሳ መሰሉን ኤምፓናዳ ሲበሉ ሰልፉን አዩ፤ የቀረውን በአንዴ ጎርሰው ካባቸውን ሊለብሱ ሮጡ።

ሕዝቡ ቡራኬ ሲቀበል ያስና ትንሹን መቆሚያ በጀርባ ቦርሳዋ ከታ ኮረብታውን ብቻዋን ወጣች። መንገድ ላይ አንድም ጊዜ አልቆመችም።