ያልተፈታ አደራ

ማመን ቀብሮ ነው ይባላል። እኔ ደግሞ ከተቀበረ በኋላም አንድ ሁለት ቀን ቆይቼ ነው የማምነው። ባለቤቴ ሔርሞን ይህን ጠባዬን «በሽታህ» ትለዋለች። ሥራዬ ያስተማረኝ ነው እንጂ በሽታ አይደለም። ቶሮንቶ ውስጥ ከፒርሰን ኤርፖርት ሰው እያመላለስኩ የምኖር ባለታክሲ ነኝ።

አንድ ቀን አንድ ሰውዬ አበባ ይዞ ሚስቱን ሊቀበል መጣ። ሻንጣ ይበዛባታልና ጠብቀኝ ብሎ ለመነኝ፤ ጠበቅን። የአውሮፕላኑ ሰው ሁሉ ወጥቶ አለቀ፤ እሷ አልወጣችም። በመጨረሻ ዩኒፎርም የለበሱ ሁለት ሰዎች መጡና ስሙን ጠይቀው ወደ ውስጥ ይዘውት ገቡ። የያዘችው የዘመድ ዕቃ ውስጥ ዕፅ ተገኘ ሲሉ በኋላ ሰማሁ። አበባው መኪናዬ ውስጥ ቀርቶ እዚያው ደረቀ። ከዚያ ወዲህ የሰው ዕቃ የመያዝ ነገር ሲነሳ ያ አበባ ይመጣብኛል።

ሔርሞን የሠርግና የክርስትና ዲኮር ትሠራለች። እዚህ ቶርንክሊፍ ፓርክ ያለው አፓርታማችን በአርቲፊሻል አበባና በወንበር ልብስ ተሞልቶ፣ እኔ ሶፋው ጫፍ ላይ ነው የምቀመጠው። ይህ ሁሉ ዕቃ ከየት እንደሚመጣ የነገረቻት ጓደኛዋ ቤዚ ናት። ቤዚ ቻይና ደጋግማ ሄዳለች። ሄዳም ዝም አትልም፤ ያየችውን ሁሉ በስልኳ እየቀረጸች ለሕዝብ ትለቃለች። ተከታዮቿ ብዙ ናቸው። አንደበቷ ጣፋጭ ነው፤ ችግሯ አፏ መዝጊያ የሌለው መሆኑ ነው።

ሔርሞንም ቻይና ሄዳ ራሷ ልትገዛ ቆረጠች። የጉዞው ምክክር የተደረገው እኛ ቤት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነው። ቤዚ ሶፋው መሀል ተደላድላ ታስተምራለች፤ ሔርሞን እንደ ተማሪ ታዳምጣለች።

«ካሽ የሚባለውን ነገር ፎርጌት አድርጊው» አለች ቤዚ። «ለማኙ ሳይቀር በስልክ ነው የሚቀበለው። ቪፒኤን ከዚህ ሳትነሺ ዳውንሎድ አድርጊ። እዚያ ከገባሽ በኋላ ያለ እሱ ዋትሳፕ አይሠራም፣ ከባልሽ ከይመር ጋር መገናኘት የለም። ቪፒኤኑም እየተቆረጠ ያስቸግርሻል። ገበያ ስትገቢ ሴትዮዋ ዋጋውን ካልኩሌተር ላይ ትጽፍልሻለች። አንቺ ግማሹን ጻፊና ዞር በይ። በሩ ጋ ሳትደርሺ ትጠራሻለች።»

«ካልጠራችኝስ?»

«ትጠራሻለች። የምትሄጂበት ጓንግዡ ውስጥ ደግሞ አበሻ የማይጠፋበት ሰፈር አለ። እንጀራ ታገኛለሽ፣ አማርኛ ትሰሚያለሽ። ሰዉ ይወድሻል፣ አብሮሽ ፎቶ ይነሳል። በአንድ ነገር ግን አይቀልዱም።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ድራግ። ሻንጣሽ ውስጥ ከተገኘ የኔ አይደለም ብትይ የሚሰማሽ የለም። ሞት ነው የሚፈርዱት።»

ሔርሞን ሳቀች። «እኔ ከአበባ ሌላ ምን ልይዝ?»

በዚህ መሀል በሩ ተንኳኳ። እትዬ አጸደ ነበሩ፣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን። ልጃቸው ዑራኤል ለትምህርት ብሎ ጓንግዡ ሄዶ እዚያው ቀርቷል፤ ካዩት ብዙ ዘመን ሆኗል። ሔርሞን መሄዷን ሰምተው ነው የመጡት። በሁለት እጃቸው በነጭ አቡጀዲ የተጠቀለለች፣ ዙሪያዋን በቀይ ክር የተሰፋች ዕቃ ይዘዋል።

«ለዑራኤል ናት» አሉ። «አደራሽን የኔ ልጅ። አደራ በሰማይ፣ አደራ በምድር።»

ሔርሞን ከመቀመጫዋ ተነስታ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻቸው። የኛ ሰው መንገደኛ ሲያገኝ ዕቃ ሳይሰጥ አይለቅም፤ የተሰፋ አደራ ደግሞ አይፈታም። መፍታት ሰጪውን ሌባ ነህ ብሎ ፊት ለፊት ከመሳደብ አይሻልም። ይህን አውቃለሁ። ግን አበባው መጣብኝ።

«እትዬ፣ አይቀየሙኝና» አልኩ፤ «ይህቺን ነገር ፈትተን ብናያትስ?»

ሔርሞን ዓይኗን አፍጥጣ አየችኝ። እትዬ አጸደ ግን፣ «መቀስ አምጪልኝ» አሏት። በገዛ እጃቸው ቀዩን ክር ቆረጡት። ውስጡ ያለው አንድ ላስቲክ በርበሬ፣ አንድ ላስቲክ ሽሮ፣ በትንሽ ጠርሙስ ጸበልና ወፍራም የክረምት ካልሲ ነበር። ጓንግዡ ሙቀት መሆኑን የነገራቸው ሰው የለም ማለት ነው። ያን ሰዓት መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እወድ ነበር።

«መርዝ መስሎህ ነው ልጄ?» አሉኝ፤ በቁጣም አይደለም። ያ ነው የባሰብኝ።

ሔርሞን እንባዋ መጣ። የእትዬ አጸደን ጉልበት ይዛ፣ «ኪዳነ ምሕረት ምስክሬ ትሁን» አለች፤ «ዑራኤል ለእርስዎ የሚሰጠኝን ዕቃ፣ ምንም ይሁን ምን፣ አንዲት ክር ሳልፈታ አመጣልዎታለሁ።»

«እሱ ምን ይልክልኛል ብለሽ ነው» አሉ እትዬ አጸደ፣ ካልሲውን እያጠፉ። ይህን ንግግራቸውን ያን ዕለት ልብ ያለው የለም። ሁላችንም አቡጀዲውን መልሰን በመስፋት ተጠምደን ነበር።

ሔርሞንና ቤዚ አብረው ሄዱ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ደስ ይሉ ነበር፤ መካድ አልችልም። ጠዋት ታክሲ ተራ ቆሜ ስልኬ ይጮሃል፤ እዚያ ምሽት ነው። ሔርሞን መብራቱን ታሳየኛለች፣ የምድር ውስጥ ባቡሩን ታሳየኛለች፣ ከጆንያ የሚበልጥ የአበባ ከረጢት ላይ ተቀምጣ ትስቃለች። ሴትዮዋ እውነትም በሩ ጋ ሳትደርስ ጠርታታለች። ሬስቶራንት ስትገባ የፈላ ውሃ በብርጭቆ አቅርበውላት ሻዩ እስኪመጣ ስትጠብቅ፣ ለካ የሚጠጣው ውሃው ራሱ እንደነበር ነግራኝ ሁለታችንም ሳቅን። እንደዚያ ደስ ብሏት ካየኋት ቆይቻለሁ። እኔም ልቤን ትንሽ አሳረፍኩት።

ከዚያ ቤዚ ዪዉ ወደሚባል ሌላ ገበያ በባቡር ሄደች፤ ሔርሞን ዕቃዋን አስጭና ብቻዋን ልትመለስ ጓንግዡ ቀረች። ቤዚ ባቡር ውስጥ ሆና አንድ ቪዲዮ ለቀቀች። ተራ ይዤ ሳለሁ አንድ ባልደረባዬ «ይሄ አንተ አይደለህም እንዴ?» ብሎ እየሳቀ አሳየኝ።

ስሜን አልጠራችም እንጂ እኔው ነኝ። «አንድ ባል አለላችሁ» ትላለች፣ «የእናትን በርበሬ ካልፈተሽኩ ብሎ አዋረደን።» ቀጠለችና ያለ ስስት ሁሉንም አፈሰሰችው፤ ልጁ ዑራኤል እንደሚባል፣ እናቱ ቶሮንቶ እንዳሉ፣ ጓደኛዋ ጓንግዡ መሆኗን፣ ዑራኤል የሚሰጣትን ዕቃ አንዲት ክር ሳትፈታ ለማድረስ በኪዳነ ምሕረት መማሏን። «እንዲህ ዓይነት ሴት አለች ገና» ብላ ጨረሰች። ከቪዲዮው ሥር አስተያየት መስጫው ላይ የሳቅ ዓይነት ተደርድሯል። በመሀል አንዱ፣ «እህታችን የቱ ሆቴል ናት? ዑራኤልን አውቀዋለሁ፣ መልእክት አደርስለታለሁ» ብሎ ጠይቋል። ቤዚም የሆቴሉን ስም ጽፋ የልብ ምልክት ጨምራለታለች። እኔ ያን ጊዜ ያንገበገበኝ መሳቂያ መሆኔ ነበር። ጥያቄውን ዝም ብዬ አለፍኩት።

በነጋታው ሔርሞን ደወለች።

«የእትዬ አጸደን ዕቃ ሰጠሁ» አለችኝ። «ዑራኤል ሥራ ይዞት ጓደኛውን ነው የላከው። እንዴት ያለ ጨዋ መሰለህ፣ ጎንበስ ብሎ ነው የጨበጠኝ። ዛሬ ደግሞ ዑራኤል ለእናቱ የላከላቸውን አመጣልኝ።»

«ዑራኤልን ራሱን አናገርሽው?»

«ይሄ ሰውዬ አለ አልኩህ እኮ።»

«ምንድን ነው ዕቃው?»

«ሻይ ነው አለኝ። የቻይና ሻይ።»

«ሻይ ይከብዳል?»

«ትንሽ ይከብዳል» አለች።

«ሔርሞን፣ ፍቺው።»

«አልፈታም።»

«እባክሽ። አሁን እያየሁሽ ፍቺው።»

«ይመር፣ በእኚያ ሴትዮ ፊት አንድ ጊዜ አዋርደኸኛል። ሁለተኛ አታዋርደኝም። ምያለሁ፣ መሐላዬን ደግሞ ሰው ሁሉ ሰምቷል።» ስልኩን ዘጋችው። መልሼ ብደውል አልሠራ አለ፤ ቪፒኤኑ ተቆርጧል።

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። በርበሬውም ጊዜ እንዲሁ ጠርጥሬ ነበር፤ የወጣው ካልሲ ነው። ምናልባት በሽታ ነው፣ ሔርሞን እውነቷን ነው አልኩ። ያን ለማለት ያደረሰኝ ይሉኝታ ነው፤ እግዜር ያሳያችሁ። እሷን መሐላው አሰራት፣ እኔን ካልሲው አሰረኝ።

በማግስቱ ጠዋት ቡናዬን ቆሜ ስጠጣ መልእክቷ ገባ። ፎቶ ነው። ኤርፖርት ውስጥ ሻንጣዋ አፉን ከፍቶ፣ ከላይ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ ዙሪያው በቀይ ክር የተሰፋ ዕቃ ተቀምጧል። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አየኸው? አንዲት ክር አልነካሁም። ቼክ ኢን ልገባ ነው። አትኩረፍ፣ ናፍቀኸኛል።»

ልቤ ራራ። እንዲያውም እትዬ አጸደን ልታረቃቸው አሰብኩና ፎቶውን ላሳያቸው ወደ ላይ ወጣሁ። በር ከፍተው ሲያዩኝ ፈገግ አሉ፤ ሴትዮዋ ቂም አያውቁም።

«ዑራኤል ስጦታ ልኮልዎታል» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ፈገግታቸው ቀስ እያለ ጠፋ።

«ይሄ ክር የኔ ነው» አሉ። «ይሄ የኔ አቡጀዲ ነው። የኔው ስፌት ተፈትቶ በሌላ እጅ የተሰፋ ነው። የላክሁለት መች ደረሰውና?»

«ተቀብሎ በዚያው ጨርቅ ልኮልዎት ይሆናል።»

«ልጄ፣ ትናንት ማታ እኮ ደውሎልኛል። መንገደኛዋ መች ነው የምትደውልልኝ ብሎ ነው የጠየቀኝ።»

የበሩን መቃን ያዝኩ። እትዬ አጸደ ያኔውኑ ለልጃቸው ደወሉና ስልኩን ጮክ አደረጉት።

«ዑራኤል፣ ሰው ልከሃል እንዴ ለሔርሞን?»

«ማንን እልካለሁ እማዬ? ሆቴሏንም አላውቀው። የሰጠሽኝ ቁጥር የካናዳ ነው፣ አይነሳም።»

«ለኔስ ዕቃ ልከሃል?»

«በምን አቅሜ እማዬ?» አለ፣ እያፈረ።

የቤዚን ቪዲዮ ከፈትኩ። ሆቴሏን የጠየቀው ሰው ፎቶ የለው፣ ስሙም የተደበላለቀ ፊደልና ቁጥር ነው። ከዚያች አንዲት ጥያቄ በቀር ምንም ጽፎ አያውቅም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የኛ ግን በወግ፣ በዕርጋታ፣ በማተብ የታሰረ ነው። እንዴት ብሎ ይፈታ?

«ፍቺው» ብዬ ጻፍኩላት። «የዑራኤል አይደለም። ጣይው።» አንዲት ግራጫ ምልክት ወጣች፤ ከኔ ስልክ መውጣቱን የምታሳየዋ። መድረሱን የምታሳየው ሁለተኛዋ አልመጣችም። ደወልኩ፤ አይጠራም። የቻይናውን ቁጥሯን ሞከርኩ፤ አንዲት ሴት በቻይንኛ አንድ ነገር ተናግራ ዘጋችው። ዑራኤል በበኩሉ ታክሲ ይዞ ወደ ኤርፖርቱ እየበረረ ነው፤ ሩቅ ነው፣ አልደርስ ይሆናል ብሎናል። ለፖሊስ ልደውል አልኩና እጄ ቆመ። ምን ብዬ? የሚይዙት እኮ እሷን ነው። ሻንጣው ላይ የተለጠፈው የሷ ስም ነው።

ይህን ሰዓት የኤርፖርቱን ፍተሻ እያለፈች ነው። ስልኳን፣ ቀበቶዋን፣ የአንገት መስቀሏን ሳይቀር ፕላስቲክ ሳህን ላይ አድርጋ፣ እንግዳ ስላልሆነባት ፈገግ ብላ ታልፋለች። ሻንጣው በሌላ መንገድ ሄዷል። ቤዚ እንደነገረቻት የኔ አይደለም ብትል የሚሰማት የለም። የኔ አይደለም ደግሞ አትልም። ሔርሞንን አውቃታለሁ፤ የእትዬ አጸደ ነው ብላ እሳቸውን አሳልፋ አትሰጥም።

እትዬ አጸደ ወንበር ሳቡልኝና አስቀመጡኝ።

«ፍቺው አልካት?»

«ብያታለሁ እትዬ።»

«አንተን አትሰማህም። እኔ ነኝ ያልኩት በላት። አጸደ ፍቺው ብላሻለች፣ መሐላሽን አንስቼልሻለሁ በላት።»

ያሉኝን እንዳሉኝ ጻፍኩት። ከመጀመሪያው ሥር ተቀመጠ፣ እሱም በአንዲት ምልክት። እትዬ አጸደ ስልኩን ከእጄ ወሰዱ፣ መነጽራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ሁለተኛዋን ምልክት ይጠብቁ ጀመር።